ዕጩን በምላስ ስለ መመዘን

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንድ ሰው አገር ለመምራት ዕጩ ሆኖ በቀረበ ጊዜ «ሥራውን ይችለዋልን?» ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው፤ እንዲያውም ግዴታ ነው። ቤት የሚሠራልህን አናጢ፥ ልጅህን የሚያክመውን ሐኪም፥ የምትሳፈርበትን አውቶቡስ የሚነዳውን ሾፌር ችሎታውን ሳትጠይቅ አትቀበልም፤ የሚሊዮኖችን ኑሮ በእጁ የሚይዘውንማ እንዴት ሳትመረምር ትተወዋለህ? ስለዚህ እኔ በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን አልነቅፍም። የምነቅፋቸው ጥያቄውን በአፋቸው አንሥተው በልባቸው ግን መልሱን የማይፈልጉትን፥ በቃል ብልኀት ሰሚውን አደናግረው «ረታን» ብለው የሚሄዱትን ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ዛሬ በዝተዋል፤ ከእነርሱም የሚበዙት የተማሩ መሆናቸው ያሳዝነኛል።

ምሳሌዎቼን ከአሜሪካ እወስዳለሁ። በዚያ አገር የምርጫ ክርክር በአደባባይ የሚደረግ፥ የተነገረውም ቃል ተጽፎና ተቀርፆ የሚቀመጥ ስለ ሆነ፥ ማን ምን እንዳለ መርምሮ መፍረድ ይቻላል። ደግሞም ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ዛሬ የዚያ አገር ዜጎች ሆነው በዋሽንግተንና በሚኒሶታ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ቡና ላይ ተቀምጠውም ስለ ዕጩዎቹ ችሎታ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ይሟገታሉ። ዓመታቱንና ወራቱን በፈረንጆች አቈጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበል።

ነገሩ ግን ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቀድሞ አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» ተባብለው በተጠየቅ ሲሟገቱ፥ ኩታውን አጣፍቶ፥ ዘንጉን እየወዘወዘ፥ ቃሉን በግጥም እየደረደረ የሚናገር ሰው ሸንጎውን ያስደንቅ ነበር። አንደበተ ርቱዕ ተብሎም ይመሰገን ነበር፤ ንግግር ማሳመር ጥበብ ነውና ምስጋናውን አልነፍገውም። ነገር ግን ጥሩ ዳኛ ግጥሙን ሰምቶ ከተደሰተ በኋላ፥ «መልካም ተናገርህ፤ እንግዲህ ወሰኑ የት ላይ ነው? ምስክርህስ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ተናጋሪው ዛሬም ሞልቶልናል፤ ዳኛው ግን ጠፍቶብናል።

በ1964 ዓ.ም. የአሪዞናው ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ ሆነው በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ላይ ተነሡ። ጎልድዋተር ቃላቸውን ሳይመጥኑ የሚናገሩ፥ ስለ አቶሚክ መሣሪያም ሲያነሡ ሰሚን የሚያስደነግጡ ሰው ነበሩ። ይህን ይዞ፥ «በዚህ ቀን ይህን ብለዋል፤ ይህም ለአገር አደጋ ነው» ብሎ በግልጥ መከራከር ይቻል ነበር። ራልፍ ጊንዝበርግ የተባለ ሰው ያሳትመው የነበረው «ፋክት» የሚባል መጽሔት ግን ይህን ትቶ፥ ለ12,356 የአእምሮ ሐኪሞች መጠይቅ ላከ፤ ጎልድዋተር ለፕሬዚዳንትነት በአእምሮ ብቁ ናቸውን ብሎ ጠየቀ። መልሱም ሲሰበሰብ 1,189 የአእምሮ ሐኪሞች «ብቁ አይደሉም» ይላሉ የሚል ጽሕፈት በመጽሔቱ ሽፋን ላይ አወጣ።

እስኪ፥ ወጣት አንባቢ፥ እርሳስህን አንሥተህ ከእኔ ጋር አስላ። ከተጠየቁት 12,356 ሰዎች መካከል የመለሱት 2,417 ናቸው፤ 9,939 ግን መልስ አልሰጡም። ከመለሱት ውስጥ 657ቱ «ብቁ ናቸው» አሉ፤ 571ዱ ደግሞ «ለመፍረድ የሚበቃ ነገር አናውቅም» አሉ። እነዚህን ሁለቱን ደምር፤ 1,228 ይሆናል። እንግዲህ ከመለሱት እንኳ ከግማሽ የሚበልጡት ሽፋኑ የሚለውን አላሉም። ከተጠየቁት ሁሉ ጋር ብታነጻጽረው ደግሞ ያን ያሉት ከአሥሩ አንዱን እንኳ አይሞሉም። ታዲያ የሽፋኑ ቍጥር ሐሰት ነበርን? አልነበረም፤ 1,189 ሰዎች በእርግጥ እንዲህ ብለዋል። የሸፍጡ ረቂቅነት በዚህ ላይ ነው። እውነተኛ ቍጥር ከጎረቤቶቹ ቍጥሮች ተነጥሎ ብቻውን ሲቆም እንዲህ ያታልላል። እኔ በበኩሌ ከሁሉ ይልቅ የምደነቅበት ግን ሌላ ነው፤ ሐኪም የተባለ ሰው ፊት ለፊት ያላየውን፥ ያላነጋገረውን፥ ያልመረመረውን ሰው በደብዳቤ «የአእምሮ ጕድለት አለበት» ብሎ መፍረዱ ነው። ከመካከላቸው «አናውቅም» ያሉት 571ዱ የሙያቸውን ክብር ጠበቁ፤ ስማቸውን ግን ማንም አላነሣውም።

ጎልድዋተር ከሰሱ። በ1968 ዓ.ም. የፍርድ ሸንጎው የ1 ዶላር ካሣና የ75,000 ዶላር መቀጫ ፈረደላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1970 ዓ.ም. ይግባኙን አልመለከትም አለ። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር አንድ ሐኪም ራሱ ስላልመረመረውና ፈቃዱን ስላልሰጠው ሰው የሙያ ፍርድ በአደባባይ እንዳይሰጥ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ይህ ደንብ እስከ ዛሬ በጎልድዋተር ስም ይጠራል። ፍርዱ በመጣ ጊዜ ግን ምርጫው ካለፈ ዓመታት ተቈጥረው ነበር።

በዚያው ዓመት ሌላ ነገርም ሆነ። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1964 ዓ.ም. የጆንሰን ወገን በቴሌቪዥን አንድ አጭር ማስታወቂያ አሳየ። አንዲት ትንሽ ልጅ የአበባ ቅጠል እየቀነጠበች ትቈጥራለች፤ ከዚያ የአንድ ወንድ ድምፅ ቍጥሩን ወደ ኋላ ይቈጥርና የአቶሚክ ቦምብ ይፈነዳል። የጎልድዋተር ስም አንድ ጊዜም አልተጠራም። በክፍያ የታየውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ነገር ግን የዜና ዝግጅቶች ራሳቸው እየደጋገሙ ስላሳዩት አገሩ ሁሉ አየው። ስሙ ያልተጠራ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? «እኔን ነው» ቢል ራሱን መክሰሱ ነው፤ ዝም ቢል አምኗል ይባላል። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰምና ወርቅ እናውቃለንና ይህ ብልኀት ሊያስቀን ይችላል። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ያማረ ነው፤ ለክስ ግን ነውር ነው። ሰውን የምትከስ ከሆነ ስሙን ጥራ፤ ጥፋቱን ተናገር፤ መልሱንም ለመስማት ቁም።

ሌሎቹን ትንንሽ ሸፍጦች በአጭሩ ልለፋቸው። ጄራልድ ፎርድ በ1975 ዓ.ም. በሳልዝቡርግ ከአውሮፕላን መሰላል ሲወርዱ ወደቁ፤ ከዚያ በኋላ የቴሌቪዥን ቀልደኞች እንደ ደንቆሮና እንደ ድንጉላ አድርገው ሲያሳዩአቸው ከረሙ። ሰውየው በወጣትነታቸው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የታወቁ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች፥ በኋላም ከዬል የሕግ ትምህርት ቤት የተመረቁ ነበሩ። በ1976ቱ ክርክር ላይ የሶቪየት ኅብረት በምሥራቅ አውሮጳ ላይ የበላይነት የላትም ማለታቸው እውነተኛ ጕድለት ነው፤ ይህ ሊመረመር ይገባዋል። እግር ማዳለጡ ግን ስለ አእምሮ የሚመሰክረው ነገር የለም። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዳን ኩዌልም በ1992 ዓ.ም. በትሬንተን ከተማ አንድ ተማሪ ትክክል የጻፈውን «ድንች» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ፊደል አስጨምረው አሳሳቱት፤ ዓለም ሁሉ ሳቀባቸው። ትምህርት ቤቱ የሰጣቸው ካርድ ራሱ ስሕተት ነበረበት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ደብተር ያረምሁ ሰው ነኝ፤ በንጉሡ ሠና በእሳቱ ሰ፥ በሃሌታው ሀና በሐመሩ ሐ ሰው ከሥልጣን ይውረድ ቢባል ከእኛ መካከል ወንበር ላይ የሚቀር ማን እንደ ሆነ አላውቅም።

ይህ ጠባይ የሚጀምረው ከትንሽነት ነው። ባስተማርሁበት አንድ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የክፍል አለቃ ሲመርጡ አየሁ። ከሁለቱ ዕጩዎች አንዱ መንተባተብ ነበረበት። ተቃራኒው ተነሥቶ አንድም ክፉ ቃል ሳይናገር የዚያን ልጅ አነጋገር አስመስሎ «እ-እ-እኔን ምረጡ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ ያሾፈውም ልጅ በብዙ ድምፅ ተመረጠ። ከዚያ በኋላ «የክፍላችሁን የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ዓመቱን ሙሉ አንድ መጽሐፍ ሳያጠፋ የያዘው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ፤ ያው የሚንተባተበው ነበርና። እውነቱን ለመናገር ያሾፈው ልጅ ክፉ አለቃ አልወጣውም፤ መካከለኛ ነበር። ነገር ግን ተማሪዎቹ ሲመርጡት መካከለኛ መሆኑን አያውቁም ነበር፤ ሳቁን እንጂ ልጁን አልመረጡትም።

የሳቅ ኀይል በትልልቆቹ ዘንድ ከዚህ አያንስም። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በ1984 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ 73 ዓመታቸው ነበር። ኦክቶበር 7 ቀን በሉዊቪል ከተማ ከዋልተር ሞንዴል ጋር ባደረጉት ክርክር ንግግራቸው ስለ ተደነቃቀፈ፥ ሰው ሁሉ «አርጅተዋልን?» ማለት ጀመረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በካንሳስ ሲቲ አንድ ጋዜጠኛ በትሕትና ጠየቃቸው፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኩባ ሚሳይል ጭንቅ ጊዜ ለቀናት እምብዛም ሳይተኙ እንደ ሠሩ አስታውሶ፥ እንዲህ ያለ ጊዜ ቢመጣ መሥራት እንደሚችሉ ጥርጣሬ አላቸውን አለ። ሬገን በፍጹም ጥርጣሬ እንደሌላቸው ከተናገሩ በኋላ፥ ዕድሜን የምርጫ ጕዳይ እንደማያደርጉና የተቃራኒያቸውን ልጅነትና ልምድ ማጣት ለፖለቲካ ጥቅም እንደማያውሉ ተናገሩ። አዳራሹ ሳቀ። የ56 ዓመቱ ሞንዴል፥ አራት ዓመት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ያገለገሉት ሰው፥ ራሳቸውም ሳቁ።

አሁን በጥንቃቄ ተመልከት። ጥያቄው ስለ አንድ ሽማግሌ ሰውነት ጽናት ነበር፤ መልሱ ስለ አንድ ጨዋ ሰው ቸርነት ሆነ። የሚስቅ ሰው ደግሞ ደግሞ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ቀልድ የማይገባው ድርቅ ያለ ሰው ይባላል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይህ ነው። የሬገን ወዳጆች «በድንገት ተጠይቆ እንዲህ የሚቀልድ ሰው አእምሮው ንቁ ነው» ይላሉ፤ በዚህ ውስጥ ጥቂት እውነት መኖሩን እቀበላለሁ። ነገር ግን አንድ የተሳካ ቀልድ ስለ ብዙ ሌሊት ድካም አይመሰክርም። ጠላቶቻቸውስ? ሬገን በኖቬምበር 1994 ዓ.ም. የአልዛይመር በሽታ እንደ ያዛቸው ለሕዝብ በደብዳቤ ባስታወቁ ጊዜ፥ «ይኸው! በ1984ም ታመው ነበር» ብለው ወደ ኋላ ዘለሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ የታወቀ በሽታ ከአሥር ዓመት በፊት ለነበረው ምስክር አይሆንም። የቀለደውም፥ ወደ ኋላ የዘለለውም መመርመርን ሸሽተዋል።

እስካሁን ስለ አጥቂዎችና ስለ ቀልደኞች ተናገርሁ። እኔ ግን ከእነዚህ ይልቅ የምፈራው የራሱን ዕጩ ጕድለት የሚሸፍነውን ወዳጅ ነው። በማርች 1944 ዓ.ም. ሐኪሞች ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ሲመረምሩ የልብ ድካምና እጅግ ከፍ ያለ የደም ግፊት አገኙባቸው። ለሕዝቡ ግን ጤናቸው ለዕድሜያቸው መልካም ነው ተባለ። የታመሙ ናቸው የሚለው ወሬ ሲበዛ፥ በኦክቶበር ወር በኒው ዮርክ ጎዳናዎች በብርድና በዝናብ ክዳን በሌለው መኪና ለሰዓታት ተዘዋወሩ፤ ሕዝቡም «ይኸው ደኅና ናቸው» አለ። መኪናው ንግግር ሆነላቸው ማለት ነው። በኖቬምበር ተመረጡ፤ ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ዓ.ም. ሞቱ። ጦርነቱ ገና አላለቀም ነበር፤ ሥልጣኑን የተረከቡት ሃሪ ትሩማን ምክትል ፕሬዚዳንት ከሆኑ 82 ቀናቸው ነበር፤ ስለ አቶሚክ ቦምቡም ዝርዝሩ የተነገራቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ትሩማን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ችሎታ በምን ይመረመራል ለሚል ሰው ይጠቅመዋልና። ትሩማን የኮሌጅ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ በካንሳስ ሲቲ የከፈቱት የወንዶች ልብስ መደብርም በ1922 ዓ.ም. ከስሮ ተዘግቷል። የሚያሾፉባቸው ሰዎች ይህን ሳይጠሩ አይውሉም ነበር። ነገር ግን ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ በሴኔቱ ውስጥ የጦር ሥራ ውሎችን የሚመረምር ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነው፥ ፋብሪካዎችንና የጦር ሰፈሮችን እየመረመሩ ብክነትን ሲያጋልጡ፥ ለራሳቸውም ፓርቲ መንግሥት ሳያደሉ ሠርተዋል። ይህ ሁሉ በመዝገብ የተጻፈ ነበር። ልብስ መደብሩን የሚያውቅ ሺህ ሰው ነበረ፤ መዝገቡን ያነበበው ስንት ነበር? ሰው ቀድሞ በያዘው ሥራ ምን ወሰነ፥ እነማንን መረጠ፥ ስሕተቱ ሲገለጥለት ምን አደረገ ብሎ መጠየቅ አድካሚ ነው፤ የሚያስቅም አይደለም፤ ነገር ግን ሌላ መንገድ የለም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ2024 ዓ.ም. የአሜሪካ ምርጫ ሲደርስ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን 81 ዓመታቸው፥ ተቃራኒያቸው ዶናልድ ትራምፕ 77 ዓመታቸው ነበር። በጃንዋሪ ትራምፕ ኒኪ ሄሊን ናንሲ ፔሎሲ አድርገው ተናገሩ፤ በፌብሩዋሪ ባይደን የግብፁን ፕሬዚዳንት የሜክሲኮ ብለው ጠሩ። ወዲያው የሁለቱ ወገን ሰዎች የሌላውን ስሕተት እየለቀሙ በየፊናቸው መቍጠር ጀመሩ። «ያንተው ሰው እንዲህ አለ» ሲባል «ያንተውስ?» ነበር መልሱ። ይህ የሕፃናት ክርክር ነው፤ የአንዱ ጕድለት የሌላውን ጕድለት አይሞላም፤ ሁለት ሰካራሞች ተደጋግፈው ቆሙ ማለት አንዳቸው ጨዋ ነው ማለት አይደለም።

በጁን 13 ቀን በኢጣልያ የሰባቱ መንግሥታት መሪዎች በጃንጥላ የሚወርዱ ወታደሮችን ሲያዩ ባይደን ከጓዶቻቸው ዞር ብለው ሄዱ። ሥዕሉ ግን ጫፉ ተቈርጦ ስለ ተሰራጨ፥ ሰውየው ባዶ ሜዳ ላይ የሚባዝኑ መሰሉ። ሙሉው ሥዕል ሲታይ በዚያ በኩል አንድ ወታደር ከጃንጥላው ጋር ወርዶ ነበር፤ ባይደንም አውራ ጣታቸውን አንሥተው ያመሰግኑት ነበር። ይህ ንጹሕ ሐሰት ነው። አሁን ግን ሐሰቱ ያስከተለውን እይ። የባይደን ወዳጆች ይህን የተቈረጠ ሥዕል ጋሻ አደረጉት። ማንም ሰው በቅን ልብ «እኚህ ሰው አራት ዓመት ሊሠሩ ይችላሉን?» ብሎ ሲጠይቅ፥ «አንተም ከሥዕል ቈራጮቹ ነህ» ይሉት ጀመር። ብዙው ሕዝብ ዕድሜያቸው ለሥራው ከፍ ያለ መሆኑን በየመጠይቁ ሲናገር ነበር፤ ነገር ግን የጠየቀ ሁሉ የጠላት መሣሪያ ተብሎ ዝም እንዲል ተደረገ። በዚህ ዓይነት ስም አጥፊውና አወዳሹ፥ የማይተዋወቁ መስለው፥ አንዱ ለሌላው ስንቅ ያቀብል ነበር።

ከዚያ ጁን 27 ቀን መጣ። በአትላንታ ከተማ በቴሌቪዥን በተደረገው ክርክር ባይደን ድምፃቸው ሰልሎ፥ ሐሳባቸውም እየተቋረጠ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ አየ። ማስተባበል የሚቻልበት ቦታ አልቀረም። ጁላይ 21 ቀን ከውድድሩ ወጡ፤ ምክትላቸው ካማላ ሃሪስ ዘመቻውን ሲረከቡ ለምርጫው የቀረው 107 ቀን ብቻ ነበር፤ በኖቬምበርም ተሸነፉ። ጥያቄው ከዓመት በፊት በጨዋነት ተጠይቆ በጨዋነት ቢመለስ ኖሮ፥ የፓርቲው አባሎች ሌሎች ዕጩዎችን መዝነው ለመምረጥ ጊዜ ይኖራቸው ነበር። ይህን ጊዜ የወሰደባቸው ጠላታቸው አልነበረም።

አንዳንድ ወጣት፥ «አባባ፥ ፖለቲካ እንዲህ ነው፤ ተቃራኒዬ ሲያጭበረብር እኔ ቅን ብሆን እሸነፋለሁ» ይለኛል። ልጄ፥ ስለ ጽድቅ ልሰብክልህ አልፈልግም፤ በራስህ ሒሳብ እንነጋገር። ጆንሰን በ1964 ዓ.ም. 44 ግዛቶችን አሸንፈዋል፤ ያለዚያ መጽሔትም ያሸንፉ ነበር፤ መጽሔቱ መቀጫውን ከመክፈል በቀር ምን አተረፈ? የሬገን ቀልድ ሠርቷል፤ አልክድም፤ ነገር ግን ከዚያ ሌሊት በፊትም ይመሩ ነበር። ባይደንን የሸፈኑት ደግሞ የሸፈኑትን ሰው አጡ፤ ምርጫውንም አጡ። እንግዲህ ትርፉ የት አለ?

በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ዓ.ም. ዶናልድ ትራምፕ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ 78 ዓመት ከሰባት ወር ሞልቷቸው ነበር፤ በዚያ አገር ታሪክ በመሐላው ቀን ይህን ያኽል ዕድሜ የነበረው ፕሬዚዳንት አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባይደንን ዓመታት በጣታቸው ሲቈጥሩ የነበሩት ሰዎች ስለ ዕድሜ ማንሣት ተዉ፤ «ዕድሜ ቍጥር ነው» ሲሉ የነበሩት ደግሞ መቍጠር ጀመሩ። አንድ በዋሽንግተን የሚኖር የድሮ ባልንጀራዬ በስልክ ስለ አዲሱ ፕሬዚዳንት እርጅና አጥብቆ ሲነግረኝ፥ «አምና ዕድሜ ምንም አይደለም ትለኝ አልነበረምን?» ብዬ ጠየቅሁት። «እሱ ሌላ ነገር ነው» አለኝ። ሌላ የሆነው በምን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ አልነገረኝም።